የቤት ትንፋሽ

አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር የማላመልጠው ጥያቄ አንድ ነው። «ለመሆኑ እዚያ የምትሠራው ምንድን ነው?» የሥራዬ ስም በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ነው፤ በአማርኛ ግን ስም ስላልወጣለት መግለጫው ከአንድ ስኒ ቡና በላይ ይፈጃል። «በብርዱ ወራት የሰው ቤት የሚያሞቀውን መሣሪያ እጠግናለሁ፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ የሚያቀዘቅዘውን» እላለሁ። አንዱ «ኤሌክትሪሻን ነህ ማለት ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው» ብሎ ያርመዋል። አንድ አጎቴ ግን ሁሉንም በጥሞና ካዳመጠ በኋላ «ታዲያ እዚያ አገር ቤቱ መስኮት የለውም?» አለኝ። ቤተ ዘመዱ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መቼም ሽማግሌ ሲጠይቅ ከቀልዱ ሥር ቁም ነገር አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በላይ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምድር ቤቶችና ጣሪያዎች ውስጥ ስርመሰመስ የኖርኩት፣ ነገሩን ጠቅለል አድርጌ ሳየው፣ በዚያች ጥያቄ ዙሪያ ነው። ቤት ምን ያህል ይከፈት? ምን ያህል ይዘጋ? ከተዘጋስ በምን ይተንፍስ?

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መገባደጃ ላይ ነበር። በከዚራ በኩል ያሉት የጥንት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ሩቅ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። የሠሯቸው ሰዎች ሙቀቱን በጉልበት እንደማያሸንፉት ገብቷቸው በዘዴ ተደራድረውታል። እኛ ደግሞ የራሳችን ዘዴ ነበረን። እናቴ አሥር ሰዓት ሲሆን ግቢውን ውሃ ትረጫለች። አባቴ ሽርጡን አሸርጦ በጥላው በኩል ይቀመጣል። ማታ አልጋ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አጎበር ይሰቀላል፣ ኮከብ እየቆጠሩ መተኛት ነው። የመጠጥ ውሃው በገንቦ ሆኖ ነፋስ በሚያገኘው ጥግ ይቀመጣል፤ በላዩ እርጥብ ጆንያ ይጣልበታል። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ከዚያ ገንቦ የሚቀዳው ውሃ አንጀት ያርስ ነበር።

ሳይንሱን ማንም አላስተማረንም። ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ካጠገቡ ያለውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከጆንያው የሚተነው ውሃ የገንቦውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ አየር ይወጣል፣ የቀረው ይቀዘቅዛል። ኋላ አሜሪካ ገብቼ ስማር ያ ገንቦና በውድ ዋጋ የሚሸጠው ኤርኮንዲሽነር ዘመዳሞች ሆነው አገኘኋቸው። ልዩነቱ፣ በመሣሪያው ውስጥ የሚተነው ፈሳሽ አይባክንም፤ በመዳብ ቧንቧ ውስጥ ታስሮ ይዞራል። ቤት ውስጥ ባለው ክፍሉ ሲተን የቤቱን ሙቀት ይሰበስባል፣ ውጭ ባለው ክፍሉ ኮምፕረሰሩ ጨምቆ እንደገና ፈሳሽ ሲያደርገው ሸክሙን ያራግፋል። እንግዲህ ኤርኮንዲሽነር ብርድ አያመርትም፤ ሙቀት ያጓጉዛል። ከቤት ጭኖ ውጭ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ እንደገና ይጭናል። የባቡር ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ነገር ቶሎ የገባኝ።

አንድ የሚገርም መገጣጠም ልንገራችሁ። ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው በ1902፣ በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ ለሚገኝ ድርጅት፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለ የሃያ አምስት ዓመት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኤርኮንዲሽነር ንድፍ ሠራ። ሙቀት ያስጨነቀው ሰው ግን አልነበረም ምክንያቱ። አንድ ማተሚያ ቤት ነበር ቸግሮት የጠየቀው። በበጋው ወበቅ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በተለያየ ቀለም ደጋግሞ የሚታተመው ሥዕል ቀለሙ ከመስመሩ እየወጣ ይበላሻል። ካሪየር አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ እያሳለፈ እርጥበቱን እንዲጥል አደረገው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምቹ አየር የተዘጋጀው ለወረቀት ነው፤ የሰው ተራ የመጣው ኋላ ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካም በረዶ ከሐይቅ ላይ እየቆረጠች፣ በመጋዝ ብናኝ እያለበሰች ነበር ሙቀቱን የምታሳልፈው። የዚያ ዘመን ትዝታ ዛሬም በሙያችን ቋንቋ ውስጥ አለ። የኤርኮንዲሽነርን ጉልበት የምንለካው በ«ቶን» ነው። ባለ ሦስት ቶን ስንል የመሣሪያው ክብደት አይደለም፤ ሦስት የአሜሪካ ቶን በረዶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢቀልጥ የሚወስደውን ያህል ሙቀት ከቤቱ ያወጣል ማለት ነው።

ስለ ሙቀት ይህን ያህል ካልኩ ስለ ብርድ ደግሞ ላውጋ። ብርድን የተዋወቅሁት አዲስ አበባ ነው። ለትምህርት መጥቼ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። የኅዳርን ሌሊት የማያውቅ የድሬ ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ማየት ለአከራዮቼ መዝናኛ ነበር። የግቢው ዘበኛ አንድ የደጋ ሰው ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። «ብርድ ሰው አይገድልም፣ ያጠነክራል እንጂ» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። በር አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ጎጇቸው ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዘው ነው ሌሊቱን የሚገፉት። ቆርቆሮው ዙሪያውን ሽንቁር ነው፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አከራያችን ደግ ሴት ነበረች። በ1986 ዓ.ም. ኅዳር ወር ብርዱ ሲጠና አዘነችላቸውና ሽንቁሩን ሁሉ በካርቶንና በላስቲክ አስደፈነችላቸው። አባባም መረቋት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት፣ ጠዋት በር የሚከፍት ጠፋ። ሄደን ስናይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እንደተኛ ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ምድጃው አመድ ሆኗል።

ለቅሶው ላይ ብዙ ተባለ። ልባቸው ደካማ ነበር ያለ አለ። ሌሊት ክፉ መንፈስ አፈናቸው ያለም ነበር። የከሰል ጭስ ነው ያለም አልጠፋም፤ ግን ወዲያው «ጭስ ቢሆንማ ያስነጥሳቸው፣ ያነቃቸው አልነበረም? ደግሞስ አምናም ካቻምናም ይኸው ምድጃ አይደል ወይ?» ተብሎ ዝም አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልስ የሚሰጠው ሰው ግን እዚያ አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ከአሥር ዓመት በኋላ በማታ ትምህርት ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. አሜሪካ ገብቼ፣ እንደ ብዙው ያገሬ ሰው መኪና ማቆሚያ ስሠራ ቆይቼ፣ ይህን ሙያ መማር ጀመርኩ። አስተማሪያችን ሠላሳ ዓመት በእሳትና በቧንቧ መካከል ያረጀ ሰው ነው። አንድ ማታ ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ጻፈ፤ ካርቦንና ኦክሲጅን። «ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም። አያስነጥስም፤ አያስለም» አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ማንኛውም ነዳጅ፣ እንጨት ይሁን ከሰል ወይም ጋዝ፣ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይወለዳል። ሳንባ ከገባ በኋላ ኦክሲጅን በሚቀመጥበት የደም ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ተነሥ ቢሉት አይነሣም። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ግን ትንፋሹ አካሉ ዘንድ አይደርስም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድካምና እንቅልፍ ነው። ተኝቶ ያገኘው ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ያን ማታ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ አባባን አየኋቸው። ምድጃው ያው ነበር፤ ከሰሉም ያው ነበር። የተለወጠችው ጎጆዋ ናት። ሽንቁሩ ለብርዱ መግቢያ ብቻ አልነበረም፤ ለመርዙም መውጫ ነበር። እኛ ሁላችን፣ አከራያችንም ጭምር፣ ያየነው የሚገባውን ነፋስ እንጂ የሚወጣውን አልነበረም። ደግነቱ የቤቱን ትንፋሽ ዘጋው።

የአሜሪካ የጋዝ ማሞቂያ ጠቅላላ ብልሃቱ ይህን ለመከላከል የተደራጀ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፈርነስ ይሉታል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት «ብርድ ሆኗል» ብሎ ትእዛዝ ሲሰጥ እሳቱ ወዲያው አይለኮስም። መጀመሪያ ትንሿ ማራገቢያ ተነሥታ የጭሱን መንገድ ትጠርጋለች። መንገዱ ክፍት መሆኑን አንድ መቆጣጠሪያ ያረጋግጣል። ከዚያ መለኮሻው ይግላል፤ ጋዙ ይከፈታል፤ እሳቱ ይነሣል። እሳቱ በእውነት መኖሩን ደግሞ አንዲት እንደ እርሳስ የቀጠነች ዘንግ ትመሰክራለች፤ እሷ ካልመሰከረች ጋዙ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። ይህ ሁሉ አልፎ ነው ትልቁ ማራገቢያ የቤቱን አየር በጋለው ብረት ዙሪያ አሳልፎ ወደ ክፍሎቹ የሚሰደው። እሳቱና ጭሱ በብረቱ ውስጥ፣ ቤተሰቡ የሚተነፍሰው አየር ከብረቱ ውጭ ያልፋሉ፤ አይገናኙም። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ያ ስስ ብረት ነው። ብዙው ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለም አያውቅም።

ሥራው ራሱ ከውጭ ሲያዩት የሚያምር አይደለም። በጁላይ ወር በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ እዚያ ተንበርክኮ ብሎን መፍታት ድሬዳዋ ለተወለደ ሰው እንኳን ፈተና ነው። በጃኑዋሪ ደግሞ ከወለል ሥር በደረት ተስቦ መግባት አለ። ታዲያ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ቀላል ነገር ላይ ነው። ያቺ ምስክር ዘንግ ጥላሸት ለብሳ እሳቱን ማየት ሲያቅታት፣ በብረት ሱፍ ፈትጎ መመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአየር ማጣሪያው ለዓመት ሳይለወጥ ቀርቶ በአቧራና በድመት ፀጉር ተደፍኖ ይገኛል። የበጋው መሣሪያ በረዶ ጋግሮ ሲቆምም አንዱ ምክንያት ያው የታፈነ ማጣሪያ ነው። ማሽኑም እንደ ሰው ሲታፈን ይታመማል።

እዚህ ላይ ስለ ሐቀኝነት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን አላከበርኩም። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ፍሪጅ ወይም ኤርኮንዲሽነር ሲበላሽ ከጠጋኝ አፍ ቀድማ የምትወጣ ቃል አለች፤ «ጋዝ ጨርሷል።» አንባቢዬ ይህን ከእኔ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል። ማቀዝቀዣ ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ እየነደደ አያልቅም። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። ጎድሎ ከተገኘ ያፈሰሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በየዓመቱ እየመጣ «ጋዝ ሞላሁ» የሚል ሰው ወይ ሙያውን አያውቅም፣ ወይ ያንተን አለማወቅ በደንብ ያውቃል።

ጉዳቱም ኪስ ላይ ብቻ አይቆምም። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ የዚያን ዘመን ማቀዝቀዣ ጋዞች ከየቀዳዳው አምልጠው ወደ ላይ ሲወጡ ከፀሐይ ክፉ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን ይበሉታል። በ1987 ሞንትሪያል ላይ ዓለም ተስማምቶ እነዚያን ጋዞች ደረጃ በደረጃ አስወገደ። በእኔ እጅ ብዙ የሞላሁት አር 22 የሚባለው ጋዝ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 መባቻ ጀምሮ እንዳይመረትና እንዳይገባ ተከለከለ። በ2016 ደግሞ ኪጋሊ ላይ፣ ኦዞኑን ባይነኩም ምድርን የሚያሞቁት ተተኪዎቻቸው እንዲቀነሱ ስምምነት ሆነ። ይህን የማወራው ወድጄ አይደለም። አንዲት ያልተደፈነች ቀዳዳ ከባለቤቱ ግቢ አልፋ ሰማይ እንደምትነካ ማወቅ ጠጋኝን ትሑት ያደርጋል።

ሥራ በጀመርኩበት ድርጅት የሠራተኛው ደሞዝ ከሽያጭ ጋር የታሰረ ነበር። አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን ጥገና ሠርቶ የሚወጣው ሰው ሰነፍ ይባላል፤ አሮጊቷን አስፈራርቶ አዲስ ማሽን ያስገዛው ይሸለማል። ሁለት የብርድ ወራት ሠርቼ ወጣሁ። ፍርሃት በጣም የሚሸጥ ዕቃ ነው። ክፋቱ፣ ውሸተኛው ደጋግሞ ካስፈራራ በኋላ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚያምን ሰው መጥፋቱ ነው።

ያንን የቀመስኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ጃኑዋሪ ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ዲግሪ። አከራይ ደውሎ «ተከራዮቼ ማሞቂያው ይሸታል ይላሉ፣ እየው» አለኝ። ሄድኩ። ወጣት ባልና ሚስት፣ የሦስት ዓመት ልጅና ገና ያልተጠመቀ ጨቅላ አሉ። የቤቱ አየር ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። ሚስትየው ሰሞኑን ሁሉም ራሳቸውን እንደሚያማቸው፣ ጉንፋን መስሏት እንደሆነ፣ ግን ሱቅ ደርሳ ስትመለስ እንደሚሻላት አጫወተችኝ። ይህን ስሰማ ሆዴ ባባ። መለኪያዬን አውጥቼ ስይዘው ቁጥሩ መነሣት ጀመረ። ሁሉንም ወደ መኪናዬ አወጣኋቸው፤ መስኮቶቹን ከፋፈትኩ። ከዚያ ፈርነሱን ከፍቼ ሳየው ያ ስስ ብረት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

እንዲህ ሲሆን የሙያው ደንብ አንድ ነው። ጋዙን ትዘጋለህ፤ ቀይ ወረቀት ታንጠለጥላለህ፤ መሣሪያው እስኪለወጥ ማንም አይለኩሰውም። አከራዩ በስልክ «እስከ ሰኞ ብቻ ይሥራ፣ መስኮት ትንሽ ከፈት ያድርጉ» አለ። አባትየውም፣ የሚገርመው፣ ከአከራዩ ጋር ተስማማ። «ልጄ ገና ሃያ ቀኗ ነው። በዚህ ብርድ ማሞቂያ ዘግተህ ልትሄድ ነው? የዛሬን ብቻ» አለኝ። የሚያየው ብርዱን ነው። ብርድ ይታያል፤ በትንፋሽ ላይ ይተናል፤ በልጅ ጣት ላይ ይቀላል። እኔ የምነግረው ግን ቀለምም ሽታም የሌለውን ነገር ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሠራተኛ ነው እየመጣ በሐሰት ያስፈራራው? እኔን ከእነሱ የሚለየኝ ምን ማስረጃ አለው? መለኪያውን እጁ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን በራሱ ዓይን እንዲያይ አደረግሁ። ጋዙን ዘጋሁ። ቀዩን ወረቀት አንጠለጠልኩ።

ቤተሰቡ ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አደረ። እኔ መኪናዬ ውስጥ የነበሩትን ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ትቼላቸው ሄድኩ፤ በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ላይ እንዲሰኩት ደጋግሜ ነግሬ። አባትየው ስሰናበተው እጁን አልዘረጋልኝም። አልተቀየምኩትም። የእኛ ሥራ ጠባዩ ይህ ነው። ሐኪም ያዳነውን ሰው ያያል፤ እሳት አጥፊም ከጭስ ውስጥ ያወጣውን ይታቀፋል። እኛ ግን ያዳንነውን ሰው አናውቀውም፤ እሱም መዳኑን አያውቅም። በማግስቱ እንደወትሮው ተነሥቶ ቁርሱን ይበላል፣ ስለ ብርዱ ያማርራል። ያ ማማረሩ ደሞዛችን ነው።

ወገኖቼ ዘንድ ስሄድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጆቻቸው ካገር ቤት አምጥተዋቸው ነበር። ማሞቂያቸውን ለማየት ሄጄ ስገባ ቡናው ተፈልቷል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ምድጃው ላይ የከሰሉ ፍም ቀልቷል፤ ዕጣኑ ይጎሳል። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ያለው የአደጋ መጠቆሚያ ክዳኑ ተከፍቶ ባትሪው የለም።

«እማማ፣ ይህን ማን ነው ያወጣው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉኝ ያለ ሐፍረት። «ዕጣን ባጨስኩ ቁጥር እንደ ክፉ ምራት ይጮህብኛል። ፖሊስ የመጣ መስሎኝ ስንቴ ደነገጥኩ!»

«የመጮህ ሥራው ነው እማማ። ዕጣኑን አይደለም የሚጠላው፤ የሚፈራው ከሰሉን ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ከሰል ሲጨስ እንጂ ፍም ከሆነ በኋላ ምን ያደርጋል? እኔ መች ሳይነድ አስገባለሁ?»

ይህች አነጋገር ሰው የምትጨርሰው ናት። እናቶቻችን ያስተማሩን ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ማቆየት፣ ሲቀላ ማስገባት ነው። ጭሱማ ወዳጅ ነበር፤ ዓይን እያቃጠለ፣ እያስሳለ «ውጡ» ይላል። የጠራው ፍም ግን ዝም ብሎ ነው መርዙን የሚያወጣው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታው እያዳለጠኝ፣ የአባባን ታሪክ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ቀጥለው ዝም አሉ። «እህቴ ልጅም ገና በአራስነቷ እንዲሁ ነው የሞተችው፤ ሾተላይ ነው ብለን ነበር» አሉ በመጨረሻ። ምድጃውን ራሳቸው አንሥተው ወደ በረንዳ አወጡት። ባትሪውን እኔ መለስኩ። የቡናው ሁለተኛና ሦስተኛ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጣ፤ በረካው ግን አልጎደለም።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። በየጉብኝቴ ከተማዋ እየተለወጠች ነው የማገኛት። እኔ የማውቃት አዲስ አበባ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበር። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ በሩ ከደፉ ጋር አይገጥምም። ያንን ቤት ስንሳደብ ኖረናል፤ በብርድ ሲያስጨንቀን። ነገር ግን ሳናውቀው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍስልን ነበር። ዛሬ የሚሠራው ሕንፃ ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ አሉሚኒየምና መስታወት፣ በሩ የሚገጥም ነው። ጥሩ ነው፤ እሰየው። ቤቱ ግን ሲለወጥ እሳታችን አልተለወጠም። መብራት በጠፋ ቀን፣ ወይም ብርዱ ሲጠና፣ ያው የጥንቱ ምድጃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይወጣል፣ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል። አከራያችን በካርቶንና በላስቲክ ያደረገችውን ዛሬ ሥራ ተቋራጩ በመስታወትና በሲሊኮን ያደርገዋል።

ሰው ሁሉ ከሰል ይተው የምል ጅል አይደለሁም። ከሰል የብዙ ቤት ጉልበት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ራት የሚያበስለው እሱ ነው። የምለው አጭር ነው። ከሰል ተይዞ አይተኛም። የቀላ ፍም ካልቀላው አይሻልም። ከሰል የሚነድበት ክፍል መስኮቱና በሩ ይከፈት፤ ጠባብ ቦታ፣ የዘበኛ ጎጆም ሆነ የአራስ ክፍል፣ ምድጃ አይግባበት። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ወጣ ሲሉ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብለው አይቀመጡ፤ ይውጡ፣ ይከፋፍቱ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያስገጥም ሰው የጭሱ ቧንቧ ውጭ መድረሱን በዓይኑ ይይ። አቅም ያለው ደግሞ ያችን የምትጮህ መጠቆሚያ ይግዛ፤ እንደ ክፉ ምራት ብትጮህም ለአማት የምታስብ ምራት ናት።

ሙያተኞቻችንንም አንድ ነገር እማጸናለሁ። በየሰፈሩ ፍሪጅ የሚጠግኑ፣ ቬንቲሌተር የሚሰቅሉ፣ በሆቴሉና በቢሮው ኤርኮንዲሽነር የሚገጥሙ እጀ ብልህ ወጣቶች አሉን። ከአንዳንዶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ተጫውቻለሁ፤ ያለ መለዋወጫ፣ ባሮጌ ኮምፕረሰር የሚሠሩትን ሳይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። እነዚህ ልጆች የሰውን ቤት ትንፋሽ በእጃቸው ይዘዋል። ለገጠሙት ማሽን ብቻ ሳይሆን ለደፈኑት ሽንቁር፣ ላዞሩት ቧንቧ፣ ለዘጉት መስኮት ጭምር ተጠያቂ ናቸው። «ጋዝ ጨርሷል» የምትለዋን ቃል ትተው ቀዳዳውን የሚፈልጉ፣ ባለቤቱ እየተቆጣም ቢሆን ቀይ ወረቀት ለማንጠልጠል የማይፈሩ ቢሆኑ፣ ሙያው ስም ይወጣለታል። በአማርኛ ስም የሌለው ሥራ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። ስም የሚያወጣው መዝገበ ቃላት አይደለም፤ የሚታመን ሰው ሲገኝ ሕዝቡ ራሱ ያወጣለታል።

እስከዚያው፣ የዛሬን ማታ ብርዱ ሲበረታባችሁና መስኮቱን ልትዘጉ እጃችሁን ስትዘረጉ፣ ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር አለ ወይስ የለም? ይህችን ብቻ ጠይቁና ዝጉ። ካለ ግን ጋቢ ደርቡ፤ መስኮቱ ይከፈት።